የቆሰለ የጭልፊት ልጅ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ራሽን፣ ስለ ውሃ ሰልፍ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለየጉዳያችን ነው። ዛሬ ግን ራሽን ካርድ ሳይኖረው ከእኛው ጋር ስለሚኖር አንድ ጎረቤት እናወራለን። እሱም ጭልፊት ነው። አንዳንዶቻችን ጭላት እንለዋለን። ሥጋ በሚሸጥበት ሁሉ አለ፣ በሆቴሎቻችን ጓሮ አለ፣ ቆሻሻ በሚጣልበት ቦታ ላይ ሲዞር ይውላል። ዶሮ የሚያረቡ እናቶች ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። ስሙን የሚያነሱት ግን በደግ አይደለም።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ባለፈው ሰሞን በካኩማ አንድ፣ በኢትዮጵያውያን ሠፈር አካባቢ የሆነ ነገር ነው። ከላጋው ዳር ካለ ትልቅ ግራር ሥር ልጆች አንድ የጭልፊት ልጅ አገኙ። ላባው አብቅሏል፣ ደረቱ ላይ ገና ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። አንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ እግሩ ደግሞ በማዳበሪያ ክር ተተብትቧል። ክሩ ከየት መጣ ካላችሁ ከእኛው ነው። ጭልፊት ጎጆውን ሲሠራ ከእንጨት ሌላ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና ገመድ እየለቀመ ያነጥፍበታል። ልጁ ሲያድግና ሲንቀሳቀስ እግሩ ክሩ ውስጥ ይገባል፣ ሲታገል ይጠብቅበታል፣ በመጨረሻም ወይ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይ ይወድቃል።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ሐሳቡም በዚያው ልክ ነው። ከልጆቹ ግማሾቹ ድንጋይ አንስተዋል። አንድ 12 ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ደግሞ «እኔ አሳድገዋለሁ፣ ሥጋ ከሆቴል እለምንለታለሁ» ብሎ ፊት ለፊቱ ቆመ። በዚህ መሀል አንዲት የሠፈሩ እናት መጡ። እኚህ እናት ዶሮ ያረባሉ። እንቁላል ሸጠው ነው ለልጆቻቸው ደብተርና ሳሙና የሚገዙት። ከ9 ጫጩቶቻቸው በአንድ ወር ውስጥ 5ቱን ጭልፊት ወስዶባቸዋል። «የእኔን አምስት ጫጩት ሲወስድ ማን አለቀሰልኝ? አሁን ለሱ ሐኪም ይጠራለት ልትሉ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር አምስት ጫጩት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን ያበረደው በአገር ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት የነበረ አንድ ወንድም ነው። ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። «መጀመሪያ ሁላችሁም ዝም በሉና ራቁ፣ እሱን አሁን እየገደለው ያለው ክሩ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን አንድ በአንድ እንነግራችኋለን። ብዙ ነገር አላደረገም። የጽሑፋችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ለቆሰለ የዱር ወፍ የሚጠቅመው ርዳታ ጥቂት ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ ርዳታው ራሱ ይገድለዋል።

መጀመሪያ ማየት

መሬት ላይ የተገኘ የወፍ ልጅ ሁሉ ወላጅ አጥቷል ማለት አይደለም። የጭልፊት ልጅ ከእንቁላል ከወጣ በኋላ 6 ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ጎጆው ውስጥ ይቆያል። መብረር ሲለምድ አንዳንዴ ይወድቃል፣ ቅርንጫፍ ላይ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጣል። ጎጆውን ከለቀቀ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ወላጆቹ ያበሉታል። ስለዚህ ልጁ ደም ከሌለው፣ በሁለት እግሩ ከቆመ፣ ሁለቱን ክንፎቹን እኩል አድርጎ ከያዘ፣ ያለበት ቦታም ውሻና ሕፃናት የማይደርሱበት ከሆነ ተዉት። ራቅ ብላችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። እናትና አባቱ እየጮሁ ሲዞሩ ልታዩ ትችላላችሁ። እናንተ እዚያው እስከቆማችሁ ድረስ ግን አይወርዱም።

«ሰው የነካውን የወፍ ልጅ እናቱ አትቀበለውም» የሚባል ነገር አለ። ትክክል አይደለም። ወፎች ልጃቸውን በሰው ሽታ ምክንያት አይጥሉም። ከጎጆው የወደቀና ጉዳት የሌለበትን ልጅ መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ርዳታ የሚያስፈልገው ክንፉ ሲንጠለጠል፣ ሲደማ፣ መቆም ሲያቅተው፣ ገመድ ሲተበትበው፣ ወይም ውሻና ድመት ሲነክሰው ነው። ድመት የነከሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ከጥርሷ የሚገባው ጀርም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

አያያዙ

ጭልፊት ክንፉን ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል፣ ክብደቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ አይሞላም። ሰው የሚፈራው ምንቃሩን ነው። እውነተኛው መሣሪያው ግን ጥፍሩ ነው። ያ ወንድማችን ፎጣ ዘርግቶ ከኋላ በኩል ከነራሱ ሸፈነው። ዓይኑ ሲሸፈን ወዲያው ረጋ አለ። በቀን የሚያድኑ ወፎች ጨለማ ሲሆንባቸው ይረጋሉ። አዳኝ ወፍ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ለወፋቸው የቆዳ ቆብ የሚያለብሱት ለዚሁ ነው።

ከዚያ ሁለቱን እግሮቹን ከላይ በኩል ያዘ፣ ክንፎቹን ወደ ገላው ሰብስቦ በፎጣው ጠቀለለው። ደረቱን ግን አላጠበቀም። ወፍ እንደኛ ድያፍራም የለውም፣ የሚተነፍሰው የደረቱን አጥንት ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ልጆች ወፍ ይዘው «እንዳያመልጠኝ» ብለው ደረቱን ሲጨምቁት እጃቸው ላይ የሚሞተው ታፍኖ ነው።

ላላ ያለውን ክር በመቀስ ቆረጠው። ሥጋ ውስጥ የገባ ክር ከሆነ ግን አትሳቡት፣ ዙሪያውን ብቻ ቆርጣችሁ ቀሪውን ለባለሙያ ተዉት። ሲሳብ ቆዳውንና ደም ሥሩን ይዞ ይመጣል።

በመጨረሻም የዘይት ካርቶን ውስጥ አስገባው። ታች አሮጌ ጨርቅ አነጠፈ፣ በጎኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች በሳ፣ ከላይ ዘጋው። የሽቦ ቀፎ ወይም የዶሮ ቤት አይሆንም። ወፉ ሲወራጭ የክንፉና የጭራው ላባ ሽቦው ላይ ይሰበራል። ላባው የተሰበረ ጭልፊት ቁስሉ ቢድንም አዲስ ላባ እስኪያወጣ ወራት ይፈጃል፣ በዚያ መሀል አድኖ መብላት አይችልም። ካርቶኑ ጥላ ያለበት፣ ጸጥ ያለ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትና ከራዲዮ ድምፅ የራቀ ቦታ ይቀመጥ። በየአምስት ደቂቃው ከፍቶ ማየት ክልክል ነው።

ደግነት የሚገድልባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ሰው የተጠማ ሲያይ ውሃ ማጠጣት ይፈልጋል። የወፍ የአየር ቧንቧ ቀዳዳ ግን ምላሱ ሥር ነው፣ በግድ የተጨመረ ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል። ሥጋ በል ወፎች አብዛኛውን ውሃ የሚያገኙት ከሚበሉት ነው። በአፉ ምንም አታፍስሱ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ የሽሮ ትርፍራፊ ለጭልፊት ምግብ አይሆኑም። የደከመና የተጎዳ ወፍ ደግሞ ሥጋም ቢሆን ወዲያው ቢሰጠው ሆዱ አይፈጨውም። ለአንድ ሌሊት ሳይበላ ቢያድር አይሞትም። ሥጋ እየለመነ ሊያሳድገው ለነበረው ልጅ የተነገረውም ይኸው ነው። ጭልፊት አይጡን የሚበላው ከነአጥንቱ ነው፣ ካልሲየም የሚያገኘውም ከዚያ ነው። ቀይ ሥጋ ብቻ እየበላ ያደገ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ከዚህም ሌላ ከሰው እጅ እየበላ ያደገ ሰውን ወላጁ አድርጎ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ቢለቁትም ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው ይወርዳል፣ መጨረሻውም በመጀመሪያው ወንጭፍ መሞት ነው።

ሦስተኛው የተሰበረ ክንፍን በቀርከሃና በጨርቅ ማሰር ነው። የወፍ አጥንት ከሰው አጥንት ይልቅ ፈጥኖ ይገጥማል፣ በ3 ሳምንት ገደማ። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው። ተጣሞ ከታሰረ ተጣሞ ይገጥማል፣ ያ ወፍ ዕድሜ ልኩን አይበርም። ስለዚህ ስብራት ካለ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው፣ በቀናት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። እኛው እናስረው ካልን ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው የሚሆነው። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፣ ተጣሞ የገጠመ ክንፍ ግን አይታረምም።

አራተኛው መድኃኒት ነው። ይህን ጠበቅ አድርገን እንጽፈዋለን። በየቤታችን ያለውን የሕመም ማስታገሻ ፈጭቶ ለወፍ መስጠት መርዝ መስጠት ሊሆን ይችላል። ሁላችንም የምናውቀው ዳይክሎፌናክ በዓለም ላይ ምን እንዳደረገ ቢነገራችሁ ተረት ይመስላችኋል።

ከኪኒን የመጣ ጥፋት

በህንድ አገር ጥንብ አንሳ በየሜዳው ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን በድንገት አለቀ። ነጭ ወገብ ያለው አንዱ ዓይነት ከ1992 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ 99.9 በመቶው ጠፋ። መጀመሪያ በሽታ ነው ተባለ። በ2004 ይፋ የሆነ ጥናት ግን ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ መሆኑን አሳየ። ገበሬዎች ለታመሙ ከብቶች ይሰጡት ነበር። ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳው ሥጋውን ይበላል፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በ2006 ህንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። ያኔ ግን አብዛኛው አልቆ ነበር።

ጥንብ አንሳው ሲጠፋ በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ውሃ ተበከለ፣ የባዘኑ ውሾች በዙ፣ ከውሾቹም ጋር የእብደት በሽታ ስጋት ጨመረ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በዚህ ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው እንደሞተ ገምቷል። «አሞራ ምን ያደርግልናል?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

በእኛም አህጉር ነገሩ ደህና አይደለም። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት በአፍሪካ ከተመረመሩ 42 ዓይነት አዳኝ ወፎች ውስጥ 37ቱ ባለፉት 20 እስከ 40 ዓመታት ቁጥራቸው መቀነሱን አሳይቷል። በ2015 ደግሞ አራት ዓይነት የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። በኬንያ አንዱ ትልቅ ምክንያት መርዝ ነው። አንበሳ ወይም ጅብ ከብቱን የበላበት ሰው በድኑ ላይ የተባይ መርዝ ይነሰንሳል፣ ከጅቡ ጋር ወፉ ሁሉ ያልቃል። ጭልፊት እስካሁን ብዙ ነው፣ አልጠፋም። የህንድ ጥንብ አንሳም አንድ ጊዜ ብዙ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

እኛ እንግዶች ነን፣ ሕጉን ማወቅ ይጠቅመናል። በኬንያ የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ መያዝ፣ ማሳደግ፣ መሸጥ ወንጀል ነው። «አዝኜለት ነው» ማለት አያድንም። የቆሰለውን ለማዳን ካርቶን ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ሳትዘገዩ ለኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ማሳወቅ ይገባል። በቀጥታ መድረስ ያልቻለ በብሎክ መሪው፣ በኮሚኒቲው ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ባለ ፖሊስ ጣቢያ በኩል ይንገር። የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። በኋላ ሲድን የሚለቀቀው እዚያው አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ አገር የአዳኝ ወፎች ሐኪም ቤት መኖሩን ብዙዎቻችን አናውቅም። የኬንያ አዳኝ ወፎች ትረስት የሚባለው ድርጅት በናይቫሻና በኤልመንቴይታ ሐይቅ አጠገብ ባለው ሶይሳምቡ የተጎዱ ንስሮችን፣ ጉጉቶችንና ጭልፊቶችን ያክማል። የሚድነውን መልሶ ይለቃል። ከካኩማ እዚያ ድረስ በጣም ሩቅ ነው። አንድ ቀልደኛ ወንድማችን «ለወፉም መንቀሳቀሻ ፈቃድ ይወጣለት ይሆን?» ብሎ አስቆናል። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ማን ወፉን እንደሚያጓጉዝ የሚወስነው የመንግሥት አካል ነው። የእኛ ሥራ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው።

የዚያ ልጅ ነገር

የላጋው ዳር የጭልፊት ልጅ ያን ያህል መንገድ አላስፈለገውም። በስልክ የተገኘ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ «ሌሊቱን ካርቶን ውስጥ ይደር። ጠዋት ቆሞ ክንፎቹን እኩል ከያዘ አልተሰበረም፣ ወላጆቹ ካሉ ለወላጆቹ መልሱት» አለ። ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት ቆሞ ነበር። ክንፉ ተወጥሮ እንጂ አልተሰበረም። አንድ ጣቱ ግን ክሩ ደም ከልክሎት ጠቁሯል።

የግራሩን ጎጆ መድረስ አልተቻለም። አንድ ወጣት የቻለውን ያህል ወጥቶ ታቹ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ቅርጫት ቅርንጫፍ ላይ አሰረ። ውስጡ ጭራሮ ተደረገበት፣ ልጁም ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ሰው እንዲርቅ ተደረገ። ከባዱ ሥራ ይህ ነበር፣ ልጆችን ማራቅ። ጥቂት ሰዓት አለፈ። ወላጆቹ ከላይ ዞሩ፣ ዞሩ። ፀሐይ በረታ ስትል አንዷ አንጀት የመሰለ ነገር በጥፍሯ ይዛ ቅርጫቱ አፍ ላይ አረፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅርጫቱ ባዶ ነበር፣ ልጁም ከላይኛው ቅርንጫፍ ወደ ማዶው ዛፍ ሲበር ታየ። የጠቆረው ጣቱ ደርቆ ወድቋል፣ በቀሩት ጣቶቹ ቅርንጫፉን ይዞ ይቆማል።

ዶሮ የሚያረቡትን እናት ስለዚሁ ጠየቅናቸው። «እኔ አላዘንኩለትም፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን አልገደልኩትም» አሉን። ይበቃል እንላለን።

ጫጩቶቹስ?

የእሳቸው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። አንድ ጭልፊት መግደል ጫጩት አያድንም፣ ቦታው ክፍት ከሆነ ሌላው ይመጣል። የሚያድነው ክዳን ነው። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ላይ አይለቀቁ። በእሾህ አጥር ላይ መረብ ወይም የአሮጌ አጎበር ጨርቅ ቢዘረጋ ጭልፊት አይወርድም፣ ለማምለጥ የሚያስቸግረው ቦታ አይገባም። ለሌላ ሥራ የሚያገለግል ደህና አጎበር ግን ለልጆች መኝታ ነው፣ ለዶሮ አይደለም። የዶሮ አንጀትና የሥጋ ትርፍራፊ ጓሮ ላይ አይጣል፣ ጭልፊትን ወደ ግቢ የሚጠራው እሱ ነው። በእሳቸው ግቢ ጎረቤቶች ተባብረው መረብ ዘርግተዋል።

በአጭሩ

የወፍ ልጅ ስታገኙ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ካልቆሰለ ተዉት። ከቆሰለ በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ደረቱን ሳትጨምቁ፣ ጨለማ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ውሃ፣ ምግብ፣ ኪኒን አትስጡ። ወዲያው አሳውቁ። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቁስል ሳይኖረው አንገቱን እየጠመዘዘ የሚንቀጠቀጥ ወፍ፣ ወይም በአንድ ቦታ ብዙ የሞቱ ወፎችና ዶሮዎች ካያችሁ ግን ጭራሽ አትንኩ፣ የወፍ ጉንፋን ወይም መርዝ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ሠራተኞች ተናገሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። የማዳበሪያ ክር ከፈታችሁ በኋላ ሜዳ ላይ አትጣሉት፣ ቆራርጣችሁ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት። የትምህርት ቤት ክበባት ከላጋው ዳር ክር የሚለቅሙበት አንድ ቅዳሜ ቢመድቡ መልካም ነው። በየሠፈራችሁ ተመሳሳይ ነገር ካጋጠማችሁ ጻፉልን፣ እናወጣዋለን። ቸር ያሰንብተን።